ለስኪዞፍሬኒያ የሚሆን መድኃኒት ከሐኪም ጋር እንዴት ይመረጣል?

የታናሽ ወንድሜን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ላሰጣ ሳነሳ ኪኒኖቹን አገኘኋቸው። ቆጠርኳቸው። 41 ናቸው። በየማታው ፊቴ ላይ ይጎርሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ከምላሱ ሥር አውጥቶ ይደብቃል ማለት ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀስ ብዬ ለምን ብዬ ስጠይቀው «እታለም፣ ቁጭ ማለት አቃተኝ። እግሬ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል» አለኝ።

ለካ ሳምንታት ሙሉ ከሳሎን ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ሳሎን ሲመላለስ የነበረው በዚህ ነው። እኛ ግን በሽታው፣ ስኪዞፍሬኒያው፣ የባሰበት መስሎን ነበር። ለሐኪሙም እንደዚያው ነገርነው። መጠኑ ተጨመረ። መንቆራጠጡም አብሮ ጨመረ። በመጨረሻ የደበቀው ሲያቅተው ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት ቀጠሮ ያመላለስኩ፣ ካርድ ክፍል የተሰለፍኩ፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ የዞርኩ እህት ነኝ። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ይህ ጽሑፍም እሱን አይተካም። ግን ሐኪሙ የሚመርጠው እናንተ በነገራችሁት ልክ ነው። ወረፋው ረጅም፣ የምታገኙት ሰዓት አጭር ነው። ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ግቡ። ራሳችሁ ታካሚ ብትሆኑም፣ አስታማሚ ብትሆኑም፣ ከታች ያለው ለሁለታችሁም ነው።

1. መድኃኒቱ የሚያክመውን ከማያክመው ለዩ

ከቀጠሮው በፊት አንድ ወረቀት ያዙና ለሁለት ክፈሉት።

በአንደኛው በኩል የተጨመረውን ጻፉ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው ማለት፣ ቴሌቪዥኑ ስለኔ ያወራል ብሎ ማመን፣ ንግግር መዘበራረቅ። በሌላው በኩል የጎደለውን ጻፉ። ዝምታ፣ ከሰው መሸሽ፣ ገላ አለመታጠብ፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ፣ ትኩረት ማጣት።

አሁን ያሉት መድኃኒቶች ጎበዝ የሆኑት በመጀመሪያው በኩል ነው። ድምፁን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጥርጣሬውን ያለዝባሉ። በሁለተኛው በኩል ግን ደካማ ናቸው። ይህን አለማወቅ ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። ልጁ ድምፅ መስማቱን አቁሞ ሳለ «ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ መጠን ይጨመርለታል። ያኔ ጭራሽ ይደነዝዛል። አንዳንዴም ዝምታውን ያመጣው የመድኃኒቱ ብዛት ራሱ ነው። ስለዚህ መቼ እንደጀመረ ቀኑን ጻፉ። ከመድኃኒቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?

እዚያው ወረቀት ላይ ጫት፣ ሀሺሽ፣ አልኮል ካለ አትደብቁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲበዛ ያደርጋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ደግሞ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ በመዝጋት ነው። አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። ሐኪሙ ጫት መኖሩን ካላወቀ መድኃኒቱ ሰነፈ ብሎ ወደ ሌላ ይቀይራል።

2. የቀደመውን ታሪክ ሰብስቡ

ከዚህ በፊት የተወሰደ መድኃኒት ካለ አራት ነገር ጻፉ፦ ስሙን፣ በቀን ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ ለስንት ሳምንት እንደተወሰደ፣ ምን እንዳመጣ። ጥሩውንም መጥፎውንም። ባዶ ብልቃጥና ማሸጊያ አትጣሉ። «ነጯ ትንሿ ኪኒን» ማለት ለሐኪም ምንም ማለት አይደለም፤ ነጭና ትንሽ የሆነው ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ የረዳ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ደግሞም ይረዳል። እሱን ትቶ አዲስ ከመሞከር በፊት ለምን እንደተቋረጠ መጠየቅ ይሻላል። የእኛ ቤት ታሪክ እንደሚያሳየው «አልሠራም» የተባለው መድኃኒት ፍራሽ ሥር ሊሆን ይችላል።

ሌላ በሽታ ካለም እዚህ ይግባ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ፣ የሚጥል በሽታ። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን እና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ብዙዎቹን የአእምሮ መድኃኒቶች ከደም ውስጥ ቶሎ ጠርገው ያስወጣሉ። ቲቢ ክሊኒክ ያለው ባለሙያና የአእምሮ ክፍሉ ካልተነጋገሩ፣ የምታገናኟቸው እናንተ ናችሁ።

3. ከመጀመሩ በፊት አስለኩ

ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳር፣ ኮሌስትሮል። የልብ ችግር ካለ ወይም በቤተሰብ ድንገተኛ ሞት ካለ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት ምርመራ። ሴት ከሆነች የእርግዝና ምርመራ። በመጀመሪያው ሕመም ላይ ደግሞ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የታይሮይድ ምርመራ ይጠየቃል፤ እነዚህ ራሳቸው አእምሮን ሊያውኩ ስለሚችሉ ነው።

ሁሉም ባይገኝ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ አብዛኛው ጤና ጣቢያ ይገኛል። ከስድስት ወር በኋላ «ወፍሯል» ስትሉ ከምን ተነስቶ ስንት እንደደረሰ ቁጥር ይኑራችሁ።

4. መድኃኒቶቹን በጉዳታቸው እወቋቸው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ በሴንት አን ሆስፒታል ዥን ዴሌይና ፒየር ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች ለአእምሮ ሕሙማን ሰጡት። በ1958 ቤልጅየማዊው ፖል ያንሰን ሃሎፔሪዶልን አመጣ። እነዚህና ወንድሞቻቸው፣ ማለትም ትራይፍሎፔራዚንና ፍሉፌናዚን፣ «የመጀመሪያው ትውልድ» ይባላሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ክዌቲያፒን፣ ዚፕራሲዶን፣ አሪፒፕራዞል ተከታትለው ወጡ። «ሁለተኛው ትውልድ» ናቸው።

አዲስ ስለሆነ ይበልጣል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2005 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የታተመ ካቲ የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር። 1,500 ገደማ ሰዎች ተሳትፈዋል። ፐርፌናዚን የሚባለው አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ከአብዛኞቹ ውድ አዳዲሶች ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ኦላንዛፒን በመጠኑ ተሻለ፤ ግን አወፈረ። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከ100 ሰዎች 74ቱ የተሰጣቸውን መድኃኒት 18 ወር ሳይሞላ አቁመዋል። ወንድሜ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።

በ2019 ደግሞ 32 መድኃኒቶችን ያወዳደረ ሰፊ ትንተና ታተመ። ክሎዛፒን፣ አሚሰልፕራይድ፣ ኦላንዛፒንና ሪስፔሪዶን ትንሽ ቀደም አሉ። ከዚያ ውጭ በማዳን አቅማቸው ልዩነቱ ጠባብ ነው። በጉዳታቸው ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት ይልቅ «ይህ ሰው የትኛውን ጉዳት ሊሸከም ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ጉዳቶቹ በአራት መንገድ ይመጣሉ።

*የሰውነት እንቅስቃሴ።* ሃሎፔሪዶል፣ ትራይፍሎፔራዚን፣ ፍሉፌናዚን እዚህ ይብሳሉ። ሪስፔሪዶንም መጠኑ ከፍ ሲል ይከተላቸዋል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ አካሄድ ይከብዳል። ወንድሜን ያገኘው አላስቀምጥ የሚለው መንቁነጥነጥ ደግሞ አካቲዝያ ይባላል። አሪፒፕራዞል አዲስ ቢሆንም ይህን ያመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊገለበጥ፣ ምላስ ሊቆለፍ ይችላል። የሚያየው ሁሉ «መንፈሱ ተነሳበት» ይላል። መድኃኒቱ ነው። ጤና ተቋም ውስጥ በመርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ይለቃል። ዓመታት ሲቆይ ደግሞ ከንፈርና ምላስ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ ሊጀምር ይችላል። በአሮጌዎቹ መድኃኒቶች በየዓመቱ ከ100 ሰው 5 ያህሉን ያገኛል፤ አንዴ ከመጣ ላይለቅ ይችላል። በየቀጠሮው አፉን እዩለት።

*ክብደትና ስኳር።* ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ከሁሉ ይብሳሉ። ክዌቲያፒን፣ ሪስፔሪዶንና ክሎርፕሮማዚን መሃል ላይ ናቸው። አሪፒፕራዞል፣ ዚፕራሲዶን፣ ሉራሲዶንና ሃሎፔሪዶል ቀለል ይላሉ። እኛ አገር «አማረበት፣ ወፈረ» ስለሚባል ችግሩ ዘግይቶ ነው የሚታየው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት የሚጨምር ክብደት የስኳር በሽታ መንገድ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ሊረዳ ስለሚችል ጠይቁ።

*ፕሮላክቲን።* ሪስፔሪዶን፣ ፓሊፔሪዶን፣ አሚሰልፕራይድና ሃሎፔሪዶል ይህን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። የሴት ወር አበባ ይቀራል፣ ሳትወልድ ጡቷ ወተት ያወጣል። ያልነገሯት ሴት አረገዝኩ ብላ ትጨነቃለች። ወንድ ደግሞ የወሲብ ፍላጎቱ ይጠፋል ወይም ብልቱ አልታዘዝ ይላል። ይህን እናቱ ፊት ለሐኪም የሚናገር ወንድ አላየሁም። ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ስለዚህ አስታማሚዎች፣ ለአምስት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ። አሪፒፕራዞል ፕሮላክቲንን ከፍ አያደርግም፤ እንዲያውም ዝቅ ያደርጋል።

*እንቅልፍና ልብ።* ክሎርፕሮማዚን፣ ክዌቲያፒን፣ ክሎዛፒን፣ ኦላንዛፒን ያስተኛሉ። ክሎርፕሮማዚን ፀሐይ ላይ ቆዳን ያቃጥላል፤ ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ ከሆነ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ያስፈልገዋል። ዚፕራሲዶንና ቲዮሪዳዚን የልብ ምትን ሥርዓት ሊያዛቡ ስለሚችሉ ልቡ ለታመመ ሰው አይመረጡም።

(በመስከረም 2024 አሜሪካ ውስጥ ዛኖሜሊንና ትሮስፒየም የያዘ፣ በዶፓሚን በኩል ሳይሆን በሌላ መንገድ የሚሠራ ኪኒን ተፈቅዷል። ከ1952 ወዲህ የመጀመሪያው የተለየ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ያላችሁ ልትሰሙበት ትችላላችሁ። ዋጋው ግን አያስጠጋም።)

5. ሰውየውን ጠይቁት

ይህን እርምጃ የሚዘለው ብዙ ነው። ስለ መድኃኒቱ ሐኪም፣ አባት፣ አጎት ይነጋገራሉ። የሚውጠው ሰው ጥግ ተቀምጧል።

«ከእነዚህ የቱ ይበልጥ ያስጠላሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሹፌር ከሆነ እንቅልፍ እንጀራውን ይቆርጣል። ተማሪ ከሆነም ጠዋት መንቃት አለበት። ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ካለ ኦላንዛፒን በመጀመሪያ አይታሰብ። እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አልበላ ብሎ የከሳ ሰው ደግሞ ያ የሚያስተኛውና ምግብ የሚያስበላው መድኃኒት ለጊዜው ይጠቅመዋል። ልብስ ሰፊ እጁ መንቀጥቀጥ የለበትም። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ትናገር። ካረገዘች በኋላ ደንግጣ በራሷ ማቆሟ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ የባሰ አደጋ ያመጣል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እናት በልጇ፣ ባል በሚስቱ አስተርጓሚነት አይታከሙ። «ባለቤቴ ሊገድለኝ ነው» የምትል ሴት ባሏ አስተርጓሚ ከሆነ ምን ትላለች? አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ።

6. የምታገኙትን መድኃኒት ምረጡ

ምርጡ መድኃኒት በሦስተኛው ወር ከመደርደሪያ ከጠፋ ምርጥ አይደለም። ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል? በመንግሥት ፋርማሲ አለ? ስንት ነው?» ጤና መድን ካላችሁ የሚሸፍነው እንደሆነ አጣሩ። ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ የፍሉፌናዚን መርፌና ሪስፔሪዶን በአገራችን የተለመዱት ናቸው። አሪፒፕራዞል ወይም ክሎዛፒን ከታዘዘላችሁ የት እንደሚገኝ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ጠይቁ።

ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ስለነበር ዛሬም ከሩቅ ገጠር ድረስ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው አለ። ግን ለክትትል ሁሌ አዲስ አበባ መምጣት ግዴታ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ሠራተኞች የሚሰጥ ክትትል በሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በቅርብ ያለውን ጠይቁ። የትራንስፖርት ብር የሚያስቆመው ሕክምና ብዙ ነው።

ዘመድ ከውጭ መድኃኒት ሲልክ ደስ ይላል። ግን ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲጠፋስ? የስድስት ወር ካልላከ ባይጀመር ይሻላል። ወደ ዱባይ ወይም ጅዳ የምትሄዱ ደግሞ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ያዙ፤ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነም ከጉዞ በፊት አጣሩ።

7. ኪኒን ወይስ መርፌ?

መርፌ ቅጣት አይደለም። እኛ ቤት ግን እንደ ቅጣት ነበር የጀመርነው። «ካልዋጥክ ትወጋለህ» እያልን። ጥፋት ነው።

የፍሉፌናዚን መርፌ፣ ብዙ ሰው ሞዲኬት የሚለው፣ ከሁለት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ልዩነት ይሰጣል። ሌላ አገር ፓሊፔሪዶን በየወሩ፣ በየሦስት ወሩ፣ በየስድስት ወሩም አለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዕለታዊ ጭቅጭቅ ይቀራል። «ዋጥክ? አፍህን ክፈት» የሚባል ነገር የለም። ወንድምና እህት ወደ ወንድምና እህትነታቸው ይመለሳሉ። ጉዳቱ ደግሞ አንዴ ከተወጋ ማውጣት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ያው መድኃኒት ወይም ቅርብ ዘመዱ በኪኒን ተሞክሮ ሰውነት እንደሚቀበለው ይታያል።

8. የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

በዝቅተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ ብሎ መጨመር ይሻላል፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው። ለምሳሌ ሪስፔሪዶን ብዙ ጊዜ በቀን ከ2 ሚሊ ግራም ይጀምርና አብዛኛው ሰው ከ4 እስከ 6 ባለው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚጨምረው በዋናነት ጉዳቱ ነው።

እንቅልፍና ረብሻው በቀናት ይረጋጋል። ድምፁና ጥርጣሬው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ድምፁ በአንዴ ላይጠፋ ይችላል። ወንድሜ «ከጆሮዬ ሥር ነበሩ፣ አሁን ጎረቤት ቤት ናቸው» ብሎኝ ነበር። ያም መሻል ነው። በትክክለኛ መጠን ሁለት ሳምንት ተወስዶ ቅንጣት ለውጥ ከሌለ ለሐኪሙ ንገሩ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ግን «አልሠራም» ተብሎ አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ሲመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ ላብና ግራ መጋባት አብረው ከታዩ መድኃኒቱን ሳትሰጡ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ወባ ነው ብላችሁ አትደሩ። ብርቅ ነው፤ ይገድላል። የሚወስደውን መድኃኒት ስም ተናገሩ።

ከዋናው መድኃኒት ጋር ትራይሄክሲፌኒዲል፣ በተለምዶ አርቴን የሚባለው፣ ሊታዘዝ ይችላል። መንቀጥቀጥና መገተርን ይቀንሳል። ግን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስረሳል። አንዳንዱም ለምርቃና ይለምደዋል። በየጥቂት ወሩ «አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዴ ከታዘዘ ዓመታት ተረስቶ የሚቀጥል መድኃኒት ነው።

9. ካልሠራስ?

መጀመሪያ ፍራሹን አንሱ። ቀልዴን አይደለም። ሳትቆጡ፣ የምትፈትሹ ሳትመስሉ፣ በእርግጥ እየተወሰደ መሆኑን እወቁ።

ቀጥሎ ሲጋራ። የትምባሆ ጭስ ኦላንዛፒንንና ክሎዛፒንን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወጣል። ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። የሚያጨስ ሰው በድንገት ሲያቆም ደግሞ በተገላቢጦሽ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማችና ያደክመዋል። ማቆም መልካም ነው፤ ለሐኪሙ ነግሮ ማቆም ግን የግድ ነው።

ከዚያ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልዩ ጉዳይ አለ። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ሃሎፔሪዶልን፣ ሪስፔሪዶንንና አሪፒፕራዞልን የሚፈጭ ኢንዛይም አለ። በ1996 በእነ እሌኒ አክሊሉ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ከመደበኛው በላይ ደጋግመው ይዘዋል። ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ፈጭቶ ሊጨርሰው ይችላል። በሥርዓቱ እየወሰደ በተለመደው መጠን ለውጥ ያጣ ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም ዋሾ አይደለም። ውጭ አገር ያላችሁ የዘረመል ምርመራውን መጠየቅ ትችላላችሁ። ሐኪማችሁ ይህን ስለ ኢትዮጵያውያን ላያውቅ ይችላልና ንገሩት።

ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን ለስድስት ሳምንት ያህል በትክክል ተወስደው ካልሠሩ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ተራው የክሎዛፒን ነው።

ክሎዛፒን ስሙ ያስፈራል። በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ነጭ የደም ሴላቸው አልቆ 8 ሰዎች ስለሞቱ ከብዙ ቦታ ተነስቶ ነበር። በ1988 ሌላው ሁሉ እምቢ ያላቸውን ሰዎች እንደሚረዳ በጥናት ታየና ተመለሰ። ራስን የማጥፋት አደጋንም ይቀንሳል። ዋጋው የደም ምርመራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ እየተራራቀ። ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ከመጣ በዚያው ቀን ደም ይታይ። ደረት ማመምና የትንፋሽ ማጠርም እንደዚሁ። ለሃጭ ያዝረከርካል። ሆድ ያደርቃል፤ ይህን እንደ ቀላል አትዩት፣ አንጀት እስከመዝጋት ይደርሳል። ከሁለት ቀን በላይ ከተቋረጠ በነበረበት መጠን አይቀጠልም፤ ከ12.5 ሚሊ ግራም እንደገና ይጀመራል።

እዚህም የእኛ ጉዳይ አለ። አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ብዙ ሰዎች ነጭ የደም ሴላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ሕመም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ክሎዛፒን ለመጀመር በተለምዶ የሚጠየቀው የኒውትሮፊል (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ቁጥር 1,500 ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ግን እንዲህ ላሉ ሰዎች 1,000 እንዲበቃ ተደርጓል። እስራኤል፣ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ ሐኪም «ደምህ አይፈቅድም» ካለ፣ ከዚህ በፊት የነበሩ የደም ውጤቶችን አሳዩትና ይህን አንሱ።

10. ጾምና ጸበል

ጠዋት የሚዋጠው ኪኒን በጾም እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይረሳል። በረመዳንም ያው ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንዴ፣ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ከጾሙ በፊት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ወደ ማታ አዙሩት። ዚፕራሲዶንና ሉራሲዶን ግን ከሙሉ ምግብ ጋር ካልተወሰዱ ሰውነት በደንብ አይቀበላቸውም። ዚፕራሲዶን በቀን ሁለቴ ስለሆነ ከጾም ጋር ይጣላል። የሚጾም ሰው ከመጀመሪያው ይህን ይናገር።

ጸበል ሲሄድ መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ። እማዬ ኪኒኑን በጸበሉ ታስውጠው ነበር። የሳይካትሪ ነርሷ ሲስተር ስትሰማ ሳቀችና «እማማ፣ ውኃ ውኃ ነው፤ ዋናው መዋጡ» አለቻት። ከዚያ በኋላ እማዬ ቀጠሮ ቀርታ አታውቅም።

11. ማቆም

«ተሻለኝ» ማለት ብዙ ጊዜ «እየሠራ ነው» ማለት ነው። በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው የዳኑ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ10 ሰዎች 8ቱ እንዳገረሸባቸው አሳይቷል። መድኃኒት ማቆም አደጋውን ወደ አምስት እጥፍ ያደርሰዋል። ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ብዙ ሐኪሞች ሁለት ይላሉ፣ መቀጠል ያስፈልጋል። ከዚያ ለመሞከር ከተፈለገ በሐኪም ክትትል፣ በወራት ውስጥ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። ሠርግ፣ ፈተና፣ ጉዞ ወይም ሐዘን ባለበት ሰሞን አይጀመርም።

ከመቀነሱ በፊት የዚያ ሰው የመጀመሪያ ምልክት ምን እንደነበር አብራችሁ አስታውሱና ጻፉት። የአንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ የሌላው መጋረጃ መዝጋት። የወንድሜ ሬዲዮ ማጥፋት ነው። ሲሻለው ከጠዋት እስከ ማታ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ቤቱ ሁሉ ያማርራል። ሁለት ቀን ጸጥ ካለ እሱ ራሱ መጥቶ «እታለም፣ ሲስተርን ደውይላት» ይለኛል።